ፍሬቻው መሪው ላይ የወጣባት የቴስላ ሞዴል 3፣ ለመግዛት ለምታስቡ

ሰሞኑን «አዲሷን ሞዴል 3 ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» እያለ የሚደውልልኝ ሰው በዝቷል፣ የሚገርመው ደሞ ሁሉም ከዋጋውም ከባትሪውም በፊት የሚጠይቁኝ ስለ ፍሬቻው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሰዓት በስልክ ከማስረዳ አንዴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄን ልላክለት ብዬ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ኡበር እሠራለሁ፣ ከዚህ በፊት የ2020 ሞዴል 3 ነበረችኝ፣ አሁን ያለችኝ የ2024ቷ ናት፣ የታደሰችው። ስለዚህ አሮጌዋንም አዲሷንም ቀን ከሌት ነድቻቸዋለሁ፣ የምጽፈውም ከዚያ ተነስቼ ነው እንጂ ማንም ከፍሎኝ አይደለም።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። መኪናዋ በጣም ጥሩ መኪና ናት፣ ፍሬቻው ግን መነካት አልነበረበትም። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ አንዱን አያስቀረውም።

ለማያውቃት ሰው፣ ሞዴል 3 ከ2017 ጀምሮ ያለች የቴስላ ኤሌክትሪክ መኪና ናት። የታደሰችው በ2023 ሴፕቴምበር መግቢያ ላይ መጀመሪያ ለአውሮፓና ለቻይና ታየች፣ አሜሪካ የገባችው በ2024 ጃንዋሪ ነው። ሰዉ «ሃይላንድ» ይላታል (አገር ቤት ያላችሁ የውሃው ሃይላንድ እንዳይመስላችሁ፣ ሲሠሯት የሰጧት የፕሮጀክት ስም ነው)። ከውጭ ስታዩዋት የፊት መብራቷ ቀጠን ብሏል፣ አፍንጫዋ ሾል ብሏል፣ በቃ ያው ናት። ገብታችሁ ስትቀመጡ ግን ሌላ ነው። ከመሪው ኋላ በግራና በቀኝ ወጣ ወጣ ብለው የነበሩት ሁለት ዘንጎች የሉም። የግራው የፍሬቻ ነበር፣ የቀኙ የማርሽ፣ ሁለቱንም አውጥተው ጥለዋቸዋል። ፍሬቻው መሪው ላይ በግራ አውራ ጣት በኩል ሁለት የቀስት ምልክት ያለው በተን ሆኗል፣ ማርሹ ደሞ መሃል ያለው ትልቁ ስክሪን ውስጥ ገብቷል፣ ሃዛርዱ (ለአደጋ ጊዜ ሁሉም ፍሬቻ አብሮ የሚበራበት) ጣራው ላይ ወጥቷል፣ የዝናብ መጥረጊያውና ረጅም መብራቱም እንደ ፍሬቻው መሪው ላይ ያሉ በተኖች ናቸው። ክላክሱን ብቻ ደግነቱ መሃል ላይ እንደ ድሮው ትተውታል።

«ፍሬቻ» ራሱ ከጣሊያን የወረስነው ቃል ነው፣ ቀስት ማለት ነው። አሁን በእውነትም ቀስት ሆኖ መሪው ላይ ተስሏል። ችግሩ ቀስቶቹ ግራው በግራ ቀኙ በቀኝ አይደሉም፣ ሁለቱም በግራ እጅ በኩል አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው ነው ያሉት። ስለዚህ አእምሮ ሁለት ሥራ ይሠራል፣ መጀመሪያ ወዴት እንደምትታጠፉ ትወስናላችሁ፣ ከዛ «የቱ ነበር፣ የላዩ ነው የታቹ?» ብላችሁ ታስባላችሁ። አሮጌዋ ላይ ይሄ ጥያቄ የለም፣ መሪውን ወደምታዞሩበት አቅጣጫ ዘንጉን መታ ታደርጉታላችሁ፣ አለቀ፣ እጅ ራሱ ያውቀዋል።

እኔ ለመልመድ ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጅቶብኛል፣ እሱም በቀን አሥር ሰዓት ስለምነዳ ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚነዳት ሰው ወር ቢፈጅበት አልገረምም። ከለመዳችሁ በኋላ ግን ሃይዌይ ላይ እውነቴን ነው የምላችሁ ደስ ይላል፣ ሌን ስትቀይሩ እጃችሁ ከመሪው አይነሳም፣ በአውራ ጣት ትንሽ ተጭናችሁ ስፖኪዮ አይታችሁ ትሻገራላችሁ፣ ስትጨርሱ ራሱ ይጠፋል። 495 (ዲሲን የሚዞረው ሃይዌይ) ላይ ማታ ማታ ስሄድ ይሄኛው ይሻላል ያልኩበት ጊዜ አለ። መብራት ላይ ቆማችሁ ስትጠብቁም ምንም ችግር የለውም፣ ምክንያቱም መሪው ቀጥ ብሎ ነው ያለው፣ በተኑም ቦታው ላይ ነው ያለው፣ ከመታጠፋችሁ በፊት ትጫኑታላችሁ ከዛ ትታጠፋላችሁ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው መታጠፍ እንደዚህ በመብራት ስለሆነ ነው መሰለኝ ብዙ ሰው ሞክሯት «ምንም አይልም» ብሎ የሚገዛት።

አደባባይ ላይ ነው ነገሩ የሚታየው። ዘንግ ከመሪው ጋር አይዞርም፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፣ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ታገኙታላችሁ። በተን ግን መሪው ላይ ስለተተከለ መሪው ሲዞር አብሮ ይዞራል። አደባባይ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ግራ እየዞራችሁ እያለ በግራ የነበረው በተን ወደ ታች ወደ ሆዳችሁ በኩል ይወርዳል፣ ልክ እዛች ሰዓት ላይ ነው ደሞ ልትወጡ ስለሆነ የቀኝ ፍሬቻ ማብራት ያለባችሁ። እጃችሁን ሳታፈራርቁ ይዛችሁ ከሆነ የዞራችሁት አውራ ጣታችሁ አብሮ ሄዷል፣ እጅ እያቀያየራችሁ ከሆነ ግን በተኑ የት እንደደረሰ ቁልቁል ማየት ሊኖርባችሁ ነው፣ ከፊት እግረኛ አለ፣ ከጎን ብስክሌት አለ። ዲሲ ያለው ትልቁ አደባባይ፣ ዱፖንት ሰርክል ውስጥ በሥራ መውጫ ሰዓት የገባ ሰው የምለው ይገባዋል። ይሄ የልምድ ጉዳይ አይደለም፣ አቀማመጡ ነው፣ አሥር ዓመት ብትነዱትም መሪው ሲዞር በተኑ አብሮ መዞሩን አይተውም።

ኤርፖርት ሰው ስንጠብቅ የምንቆምበት ቦታ ላይ ስለዚህ ነገር ያልተከራከርንበት ቀን የለም ብል ይቀለኛል። አንድ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ፣ አዲስ አበባ ሚኒባስ ነድተው እዚህ ደሞ ሊሞም ታክሲም የሠሩ፣ እድሜያቸውን ሙሉ መሪ ላይ ያሳለፉ ማለት ነው። የእኔን ወስደው አካባቢውን ዞረው መጡና ቁልፉን (ካርዱን ማለቴ ነው) መልሰው ሲሰጡኝ «ልጄ፣ መኪናዋን ወድጃታለሁ፣ እጄን ግን በዚህ እድሜዬ አዲስ ትምህርት ቤት አላስገባውም» አሉኝ፣ ሄደው ዘንግ ያላትን የ2022 ሞዴል ዋይ (የቴስላ ሌላዋ፣ ከፍ ያለችው መኪና) ገዙ። ተገቢ ውሳኔ ነው እላለሁ። በሌላ በኩል ደሞ አንዲት ነርስ የሆነች ልጅ አለች፣ ከመንጃ ፈቃድ ቀጥሎ የያዘችው የመጀመሪያ መኪናዋ ይቺው ናት፣ እሷ ጭራሽ ሰው ስለምን እንደሚያወራ አይገባትም፣ የወንድሟን ካምሪ ስትይዝ ነው የሚቸግራት። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሰው የሚፈርደው እጁ ውስጥ ባለው ነው፣ ሃያ ዓመት የሠራ እጅና ትናንት የጀመረ እጅ አንድ አይነት መልስ አይሰጡም።

በጣም የሚከብደው ግን የሁለቱም አይደለም፣ ሁለት መኪና ያለው ቤት ነው። ባለቤቴ ሥራዋ የምትሄድበት ኮሮላ ናት፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ደሞ ይቺን ትነዳለች። አዲሷ ላይ ስትቀመጥ ግራ እጇ የሌለውን ዘንግ ይመታል፣ ኮሮላዋ ላይ ስትመለስ ደሞ አውራ ጣቷ ፍሬቻ ብላ መሪው ላይ ያለውን የሬዲዮ በተን ይጫናል። እኔ ሁለት ሳምንት ውስጥ ለመድኩ ያልኩት እሷን አይመለከታትም፣ ምክንያቱም በየሳምንቱ ከዜሮ ነው የምትጀምረው። ሊገዛ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ አሁን በመጀመሪያ የምጠይቀው «ቤት ውስጥ ሌላ መኪና አለ ወይ፣ ማን ማን ነው የሚነዳው?» ብዬ ነው።

ማርሹን በተመለከተ ሰው ከሚፈራው ይቀላል። ፍሬን ረግጣችሁ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያለችውን የመኪና ምስል በጣት ወደ ላይ ከገፋችኋት ወደ ፊት ናት፣ ወደ ታች ከሳባችኋት ወደ ኋላ። ወደ ኋላ ስትሉ ካሜራው እዛው ስክሪን ላይ ስለሚመጣ ዐይናችሁ በማንኛውም መኪና ቢሆን እዛ መሄዱ አይቀርም፣ ስለዚህ ያን ያህል የሚያስቸግር አይደለም። ጠበብ ያለ መንገድ ላይ ወደፊት ወደኋላ እያላችሁ ለመዞር ስትሞክሩ ግን ይዘገያል፣ ዲሲ፣ ሻው ሰፈር ዘጠነኛ ጎዳና ላይ ምግብ ቤቶቹ ጋ ቅዳሜ ማታ ፓርክ ለማድረግ የሞከረ ያውቀዋል፣ ከኋላ መኪና ቆሞ ክላክስ እያደረገባችሁ ጣት ስክሪን ላይ መግፋትና በዘንግ ጠቅ ማድረግ አንድ አይደሉም። ስክሪኑ ቢጠፋስ የሚል ጥያቄም ሁልጊዜ ይመጣል፣ ለሱ ጣራው ላይ ከሃዛርዱ ጋር የማርሽ ምርጫዎች ተቀምጠዋል፣ የገዛችሁ ቀን ፈልጋችሁ ሞክሩት፣ በኋላ በጨለማ ከምትፈልጉት። መኪና አጣቢ ጋ ስትሄዱም ልጁ ራሱ ገብቶ ኒውትራል ላድርገው ቢል አያገኘውም፣ ስክሪኑ ውስጥ ለማጠቢያ የተዘጋጀ ሞድ አለ፣ እናንተው ከመውረዳችሁ በፊት አብሩለት።

የዝናብ መጥረጊያው በተን መሪው ላይ መሆኑን ወድጄዋለሁ። አንዴ ስትጫኑት አንዴ ይጠርጋል፣ ፍጥነቱን ለመቀየር ደሞ በግራ በኩል ያለችውን ተሽከርካሪ ማንከባለል ትችላላችሁ፣ ስክሪኑን መንካት የግድ አይደለም። ይሄን የማነሳው ነገሩ ቀልድ ስላልሆነ ነው። ጀርመን አገር በ2019 አንድ ቴስላ ነጂ በከባድ ዝናብ የመጥረጊያውን ፍጥነት ስክሪን ላይ ሲያስተካክል ከመንገድ ወጥቶ ከምልክትና ከዛፍ ጋር ተጋጨ፣ ከዛ ካርልስሩኸ የሚገኘው ከፍተኛው የክልል ፍርድ ቤት በ2020 ስክሪኑ እንደ ስልክ ነው የሚታየው፣ መጥረጊያ ለማስተካከል ነው ማለት ምክንያት አይሆንም ብሎ 200 ዩሮ ቅጣትና የአንድ ወር የመንጃ እገዳውን አጸናበት። ማለትም ዲዛይኑን ስክሪን ውስጥ የከተተው ፋብሪካው ነው፣ የሚቀጣው ግን የሚነዳው ሰው ነው። ሹፌር ለሆነ ሰው መንጃ ፈቃድ እንጀራ ነው፣ አንድ ወር ማለት የቤት ኪራይ ማለት ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ በተን የት እንዳለ መጨነቄ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል ብዬ አስባለሁ።

ስዊድን ውስጥ ደሞ ቪ ቢሌጋሬ የሚባል የመኪና መጽሔት በ2022 ያደረገው ሙከራ አለ፣ እኔ ለሰው መንገር የማይሰለቸኝ ነገር ነው። አሥራ አንድ አዳዲስ መኪናና አንድ የ2005 ቮልቮ ቪ70 ወሰዱ፣ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዱ የመቀመጫ ማሞቂያ ማብራት፣ ሙቀት መጨመር፣ ሬዲዮ ጣቢያ መቀየር፣ የመሳሰሉ ተራ ነገሮችን እንዲሠሩ አደረጉና ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ለኩ። አሮጌው ቮልቮ፣ ሁሉም ነገር በበተን የሆነው፣ በ10 ሰከንድ ጨረሰ፣ በዛ ጊዜ ውስጥ የሄደው 306 ሜትር ነው። ሞዴል 3 ደሞ 23.5 ሰከንድ፣ 717 ሜትር። የመጨረሻው ኤምጂ ማርቬል አር ነበር፣ 44.6 ሰከንድ ፈጅቶ ከ1,300 ሜትር በላይ ሄዷል። ያኔ የተሞከረችው ሞዴል 3 ገና ዘንጎቿ ያልወጡባት እንደነበረች አስታውሱ። 717 ሜትር ማለት ከመገናኛ ተነስታችሁ ወደ ሃያ ሁለት ግማሽ መንገድ እስክትጠጉ ዐይናችሁ መንገዱና ስክሪኑ መሃል ሲመላለስ ማለት ነው።

አሁን ጥሩውን ላውራ፣ ምክንያቱም ፍሬቻ ፍሬቻ እያልኩ መኪናዋን እንዳላስጠላባችሁ። ዝምታዋ። መስታወቶቹ በሙሉ ድርብ የድምፅ መከላከያ ያላቸው ሆነዋል፣ የእግሯ (የሳስፔንሽኗ) አሠራርም ተቀይሯል፣ ጉድጓድ ስትመታ አሮጌዋ ጀርባ ላይ ታሳርፈው የነበረውን ይቺ ትውጠዋለች። ከሥራ ስገባ ወገቤ የሚነግረኝን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ለሥራ የሚገዛ ሰው ለዚህ ብቻ ሊገዛት ይገባል። የፊት መቀመጫው በበጋ አየር ይነፍሳል፣ ኦገስት ላይ ዲሲ ውስጥ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ተጣብቆ መዋል ቀርቷል። የእኔ ሎንግ ሬንጅ የሚባለው፣ ረጅም የሚሄደው ዓይነት ናት፣ ስትወጣ በአንድ ቻርጅ የተለካላት 341 ማይል ነው፣ በብርድ ወራት እንደማንኛውም ኤሌክትሪክ መኪና ይቀንሳል፣ እሱን አስቡበት፣ ቤታችሁ ቻርጅ ማድረጊያ ከሌለ ደሞ ከመግዛታችሁ በፊት ያንን ጨርሱ።

ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው 8 ኢንች ስክሪን ተገጥሟል። ተሳፋሪ በጣም ይወደዋል፣ ሙቀቱን ራሱ ያስተካክላል፣ ልጅ የያዘች እናት ካርቱን ትከፍትለታለች ዝም ይላል። የኋላ በር ግን ለአዲስ ተሳፋሪ ሁሌም ማስረዳት ይፈልጋል፣ የሚከፈተው በበተን ስለሆነ እጀታ ይፈልጋሉ። እኔ ገና ሲገቡ ነው የማሳየው። ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ በእጅ የሚከፈትበት መንገድ ከፊት መስኮት መክፈቻዎቹ ጋ አለ፣ ከኋላ ደሞ የበሩ ኪስ ውስጥ ተሸፍኖ ነው ያለው። ቤተሰባችሁን በተለይ ልጆቻችሁን ይሄን አሳዩአቸው፣ አደራ። የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2025 ሴፕቴምበር የ2021 ሞዴል ዋይ የበር እጀታዎችን ጉዳይ መመርመር የጀመረው በምክንያት ነው፣ ወላጆች ልጅ ውስጥ እያለ ከውጭ መክፈት አቃተን ብለው አመልክተው ነው። መኪናዋ ሌላ ናት፣ ጥያቄው ግን አንድ አይነት ነው፣ ስለዚህ ማወቁ አይጎዳም።

ወደ ፍሬቻው ልመለስና፣ ለእኔ ትልቁ ነገር ገዢ ሲናገር መሰማቱ ነው። ይሄ መጀመሪያቸው አይደለም። በ2021 ሞዴል ኤስ የምትባለውን ሌላዋን ቴስላ ሲያድሱ ክብ መሪውን አውጥተው ከላይ የተቆረጠ፣ የአውሮፕላን መሪ የሚመስል ዮክ አስገቡ፣ ፍሬቻውም ያኔ ነው መሪው ላይ በተን የሆነው። ኮንሱመር ሪፖርትስ የሚባለው፣ ለገዢዎች ዕቃ የሚፈትሸው የአሜሪካ ድርጅት ነድቶት አስቸጋሪ ነው አለ፣ የገዛውም ሰው ሁለት ተከፈለ፣ በ2023 መጀመሪያ ላይ ክቡ መሪ ለሚፈልግ በምርጫ ተመለሰ፣ ቀድመው ለገዙትም በ700 ዶላር እንቀይራለን ተባለ። ዘንጉም የሄደው በዛው መንገድ ነው። በ2025 ጃንዋሪ አዲሱን ሞዴል ዋይ ሲያወጡ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያየው ዋጋውን አይደለም፣ ከመሪው በግራ በኩል ዘንጓ መኖሯን ነው፣ ነበረች! ማርሹ አሁንም ስክሪን ላይ ነው፣ የፍሬቻዋ ዘንግ ግን በቦታዋ ናት። በዛው ዓመት ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ሞዴል 3ም ቻይና ውስጥ ዘንግ ይዛ መሸጥ ጀመረች፣ ያለ ዘንግ ለገዙት ደሞ በ2,499 ዩዋን (350 ዶላር ገደማ ነው) ማስገጠም ይቻላል ተባለ፣ ከዛ ወደ ሌላ አገርም እየተከተለ መጣ።

እኔ ይሄን ሳይ ደስ ብሎኛል፣ ትንሽ ደሞ ቅር ብሎኛል። ደስ ያለኝ ስለተመለሰ ነው። ቅር ያለኝ ደሞ መጀመሪያውኑ አደባባይ በሞላበት አገር ለሚነዳ ሰው ይሄ እንደሚያስቸግር ለማወቅ ዓመት ከምናምን ሽጦ ማየት አያስፈልግም ነበር፣ አንድ የታክሲ ሹፌር አስቀምጦ ከሰዓት በኋላ አደባባይ ማስዞር ይበቃ ነበር። ፍሬቻ ለነጂው ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም እኮ፣ ከኋላ ላለውም፣ መንገድ ሊሻገር ለቆመውም ነው፣ ነጂው ለማብራት በዘገየ ቁጥር የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። ለዚህ ነው አውሮፓ ውስጥ የመኪና ደኅንነት የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ ሃዛርድ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያና የአደጋ ጥሪ በእጅ የሚጨበጥ የራሳቸው መቆጣጠሪያ ከሌላቸው ሙሉ ነጥብ አልሰጥም ያለው። ሕግ አይደለም፣ ግን አምስት ኮከብ የማይፈልግ ኩባንያ የለም።

አገር ቤት ያላችሁም በጣም እየጠየቃችሁኝ ነው፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ልግዛ ማለት ኤሌክትሪክ ልግዛ ማለት ሆኗልና። እዛ በብዛት የምታዩት ቴስላ ሳይሆን ቢዋይዲና ቻይና የተሠሩት ቮልስዋገን አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ ናቸው። ነገሩ ግን አንድ ነው። አይዲ ፎር ላይ ፍሬቻው ዘንግ ነው፣ እሰየው፣ ማርሹ ግን ከመሪው ኋላ ከትንሿ ስክሪን ጎን ያለች የምትጠመዘዝ ነገር ናት፣ የነጂው በር ላይ የመስኮት በተን ሁለት ብቻ ነው፣ የኋላውን ለመክፈት መጀመሪያ «ኋላ» የሚለውን ነክታችሁ ነው። የድምፅና የሙቀት ማስተካከያው በጣት የሚዳሰስ ጠፍጣፋ ነገር ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ላይ ማታ መብራት እንኳን የለውም። ቮልስዋገን ራሱ ሰው ስላማረረ በ2022 መሪው ላይ የሚጫን በተን እንመልሳለን አለ፣ በኋላ የወጣችው የ2024ቷም ማስተካከያው መብራት ኖሮት ማርሹም ወደ መሪው ዘንግ ሄዷል። አዲስ አበባ ደሞ የአደባባይ ከተማ ናት፣ አደባባይ በጠዋት የዞረ ሰው እጁ መሪና ፍሬቻ ላይ ነው እንጂ ስክሪን ለመዳሰስ ጊዜ የለውም፣ ከግራ ሚኒባስ ከቀኝ ባጃጅ እየገባ። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ባለፈው ስትጠይቀኝ ያልኳት፣ ሻጩ ስክሪኑን ሲያሳይሽ እሺ በይው፣ ከዛ ግን በጨለማ፣ ዐይንሽን መንገድ ላይ አድርገሽ መስኮት ክፈቺ፣ ሃዛርድ አብሪ፣ የዝናብ መጥረጊያ አብሪ፣ ሳታዪ ያገኘሽው በተን ነው የመኪናው ትክክለኛ ዋጋ። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ያ ዝናብ ሲወርድ ያኔ ነው የሚገባሽ አልኳት።

እዚህ ላላችሁት ደሞ፣ ያገለገለች የ2024 ወይም የ2025 ሞዴል 3 ያለ ዘንግ በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ፣ ብቻችሁን የምትነዱ ከሆነና ሥራችሁ አብዛኛው ሃይዌይ ከሆነ አትፍሩ ግዙ፣ ትለምዱታላችሁ፣ ዝምታዋን ታመሰግናላችሁ። ቤት ውስጥ ሌላ መኪና ካለ፣ ወይም ወላጆቻችሁም የሚነዷት ከሆነ፣ ዘንግ ያላትን ጠብቁ። አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ መንግሥት በታክስ ይሰጠው የነበረው 7,500 ዶላር ከ2025 ሴፕቴምበር 30 በኋላ ስለቀረ ደሞ የሚያስቸኩላችሁ ነገር የለም፣ ሻጭ «ዛሬ ካልፈረምክ» ቢላችሁ አትስሙት። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ለሙከራ ሲሰጧችሁ ሃይዌይ ላይ ብቻ ሄዳችሁ አትመለሱ፣ አቅራቢያችሁ ያለ አደባባይ ፈልጋችሁ ሦስት አራቴ ዙሩ፣ በእያንዳንዱ መውጫ ፍሬቻ እያበራችሁ ውጡ።

እኔ የራሴን ዘንግ አላስገጥምባትም፣ አውራ ጣቴ ለምዶታል፣ ብሩንም ለጎማ አደርገዋለሁ። ባለቤቴ ግን ኮሮላዋን ልትሸጥ ነው፣ አዲሱን ሞዴል ዋይ ነው ያሰበችው፣ ባለ ዘንጉን። ቅዳሜ ጠዋት ለሙከራ ቀጠሮ ይዘናል፣ ከሱቁ ስንወጣ ቀጥታ ወደ ዱፖንት ሰርክል ነው የምወስዳት።